የአባዬ ደርሶ መልስ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... እዚሁ ነቀምቴ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ፣ የአውሮፕላን ትኬት መቼ እንደሚቆረጥ ከአንድ የበቆሎ ገበሬ ተማርኩ። ገበሬው አባቴ ነው።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። አባዬ የሚኖረው አንገር ጉቲን ነው። ክረምት ላይ ልጠይቀው ሄጄ፣ የአንገር ወንዝ ጢም ብሎ ሲወርድ አብረን ቆመን እያየን «ባህር ከዚህ ይበልጣል?» አለኝ። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ... የሰውን ልጅ ሁሉ ስለ ባህር እያስተማርኩ አባቴ ባህር አላየም! እዚያው ማልኩ። «ዛንዚባር እወስድሃለሁ» አልኩት። ደሴት እንደሆነች፣ ዙሪያዋን ባህር እንደሆነ፣ መስጊዱም በየመንደሩ እንደሆነ ነገርኩት። ደስ ብሎት ለፓስፖርት ፎቶ ሲነሳ ኮት ተውሶ ነበር።

ከዚያ የትኬቱ ነገር መጣ። ከአስተማሪ ጓደኞቼ ዛንዚባር የሄደ አንድም የለም፤ ትኬት መቼ እንደሚቆረጥ የማያውቅ ግን የለም። አንዱ «ማክሰኞ ይረክሳል» ይላል። ሌላዋ «ሦስት ወር ቀድመሽ ነው» ትላለች። የስፖርት አስተማሪው ደግሞ «የመጨረሻው ሳምንት ላይ ይጥሉታል፣ ጠብቂ» ይላል። እኔም የትኬት ዋጋ እንደ ሽንኩርት ዋጋ በየቀኑ መከታተል ጀመርኩ።

ዋጋው በወረደ ቁጥር አባዬ ጋ እደውላለሁ። ሰኔ ላይ «ዘር ላይ ነኝ» አለኝ። ነሐሴ ላይ «አረሙን ማን ያርምልኝ?» አለ። ጥቅምት ላይ «ዝንጀሮ በቆሎዬን ይጨርሰዋል» አለ። ታኅሣሥ ላይ ሰብሉም ገባ፣ ዝንጀሮውም ሄደ... «እስኪ እናያለን» አለኝ። ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ አኮረፍኩም። ልጅህ ባህር ላሳይህ ስትልህ እንዲህ ይግደረደሩባታል?

እንግዲህ ባለፈው እሁድ ሊጠይቀኝ ነቀምቴ መጣ። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ቀን ትልቅ ቅናሽ ወጥቷል... እስከ ምሽት ብቻ የሚቆይ። ዛሬ ካልቆረጥኩ መቼም አልቆርጥም ብዬ ስልኬን ይዤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ ይኸው። ከአዲስ አበባ ዛንዚባር! እንዲህ ረክሶ አያውቅም።»

መነጽሩን አድርጎ ስልኩን አገላብጦ አየው። «መመለሻው የታለ?» አለኝ።

«የረከሰው መሄጃው ነው። መመለሻውን በኋላ፣ እሱም ሲወርድ እንቆርጣለን። ብልጠት እኮ ነው!»

ስልኩን መለሰልኝ። «አልሄድም።»

«ለምን?»

መነጽሩን አውልቆ «ልጄ፣ እኔ አውሮፕላን ተሳፍሬ አውቃለሁ» አለኝ።

በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ እንደመጣ አውቃለሁ። ግን በመኪና ይመስለኝ ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለኝ። «እህል ይታደላል ሲባል እናቴን ‹መጣሁ› ብያት ከቤት ወጣሁ። ከዚያው አፍሰው አውሮፕላን ላይ ጫኑን። መቀመጫ የለው፣ ተጠጋግተን ቆመን ነው። ቀኑን የጠየቀኝ የለም። ወዴት እንደምሄድ የነገረኝ የለም። መመለሻ የሚባል ነገርማ ጭራሽ አልተነሳም። ወሎን ተመልሼ ስረግጣት ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር... እናቴን በሕይወት አልደረስኩባትም።»

እኔ ደግሞ በደወልኩ ቁጥር «መሄጃው ረከሰ!» ብዬ ነበር የማበስረው። አፈርኩ። እንባዬም መጣ። ዘሩም፣ አረሙም፣ ዝንጀሮውም ሰበብ እንደነበሩ ያኔ ገባኝ።

እሱ ግን ሲያየኝ ሳቀ። «አብሽሪ!» አለኝ። «ወላሂ መሄዱን ጠልቼ አይደለም። ባህሩንማ አየዋለሁ! ግን መጀመሪያ የምመለስበትን ቀን ልምረጥ።»

ከግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያውን አውርጄ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን ሰጠሁት። አባዬ ጎንበስ ብሎ ሲያስብ ቆየና አንድ ረቡዕ ላይ ከበበ። «ረቡዕ አዲስ አበባ ልግባ። ሐሙስ መንገድ ነው። ጁምዓን ጉቲን እሰግዳለሁ።» ከዚያ ወደ ኋላ ሰባት ቀን ቆጥሮ «በይ፣ መሄጃውን እዚህ ላይ አድርጊው» አለኝ።

ደርሶ መልሱ ቅናሹ ውስጥ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጋ ስጠብቅ ኖሬ፣ በሙሉ ዋጋ ቆረጥኩ! በእሁድ ቀን! እንዲህ ደስ ብሎኝ ከኪሴ አውጥቼ አላውቅም።

የመጨረሻዋን ቁልፍ የተጫናት ራሱ ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ፣ በዚያ አፈር በጠገበ አውራ ጣቱ። ኔትወርኩ ዞረ፣ ዞረ... ከዚያ «ተሳክቷል» አለ። አባዬ ብድግ ብሎ እንደ ጎረምሳ አጨበጨበ። ሰኞ ጠዋት በሁለት ኮፒ አትሜ ሰጠሁትና የጉቲንን መኪና ተሳፈረ።

ሊመሽ ሲል ደወለልኝ። ወረቀቱን ለጎረቤቱ ለኦቦ ዲንሳ እያሳየው ነው። ጉቲን ሲሰፍር ኦሮምኛ ያስተማረው እሱ ነው። ከጀርባ ድምፁ ይሰማኛል፤ «ሰይድ ኮ! ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ገሊ!» እያለ አባዬን በስሙ ጠርቶ ይመርቀዋል። የኔ ሰይድ፣ በሰላም ሂድ፣ በሰላም ተመልሰህ ግባ ማለት ነው።

«ሰማሽ?» አለኝ አባዬ፣ ድምፁ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ። «ዲንሳ እንኳን ሲመርቅ ደርሶ መልስ ነው የሚቆርጠው!»

እና ትኬት መቼ ይቆረጣል ለምትሉኝ... ማክሰኞ አይደለም፤ ተጓዡ የሚመለስበትን ቀን በገዛ እጁ የከበበ ቀን ነው።