ከሸሪፍ መደርደሪያ የጎደለው ቤት

ባሌ ሸሪፍ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ስቆጣ ስትሰሙኝ እንዳትሳሳቱ። ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለን። ከስኳሩና ከሳሙናው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ከተማ ቆርቁሯል፦ የፋሲል ግንብ ከጀሶ፣ የሐረር ጁገል በር ከእንጨት፣ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከድንጋይ፣ አል ነጃሺ መስጊድ፤ ሁሉም ከመዳፍ አይበልጡም። የሚያመጡለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። እሱ ራሱ ግን እውነተኞቹን ሄዶ አንዱንም በዓይኑ አላየም። በመካከላቸው ጠጠር ደርድሮ መንገድ አውጥቶላቸዋል። «እኛ በቆርቆሮ ቤት እየተቀቀልን አንተ ግንብ ትሰበስባለህ!» እለዋለሁ። ይስቃል።

እማማ አጅዋንግ ጎረቤታችን ናቸው፤ ያኔ ባሮ ዳር ዓሣ ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን ሳሙና ሊገዙ መጥተው መደርደሪያውን አንጋጠው አዩና፣ «የትልቅ ሰው ቤት ሁሉ እዚህ አለ። የአባቴ ቤት የት አለ?» አሉት። አባታቸው ጎግ ውስጥ የመንደር አለቃ ነበሩ። የተጣላ የሚታረቀው፣ መንገደኛ የሚያድረው እሳቸው ቤት ነበር። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ፎቶ እንኳ የለውም። ሸሪፍም፣ «ይሥሩልኝ እማማ፤ ከግንቡ ጎን አስቀምጠዋለሁ» አላቸው።

ሠሩለት። ከወንዙ ጭቃ፣ ክዳኑ ደረጃ ደረጃ ያለው፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ እናታቸው በረንዳው ላይ በጣት ይስሉት የነበረው ጌጥ እንኳ ሳይቀር። ወይ ጉድ! ሸሪፍ በደስታ ግንቡንም መስጊዱንም ገፋ ገፋ አድርጎ መሐል ላይ አኖረው።

ክረምት ሲገባ ግን ጣሪያችን ማፍሰስ ጀመረ። ሸሪፍ ሥጋት ገባው። «ጭቃ ነው፤ ውኃ ከነካው አበቃለት። እሳት ቢያየው እንደ ሸክላ ይጠነክራል» አለና ማንንም ሳይጠይቅ ይዞት ወደ አሊ ዳቦ ቤት ሄደ። ሠሪዋ እኮ ጎረቤቱ ናቸው! አጥር ተሻግሮ «እሳት ይችላል ወይ?» ማለት ምን ነበረበት? ለእሳት የታሰበ ጭቃ አልነበረም። ምድጃው ውስጥ እንደ ፈንዲሻ ፈነዳ።

«ሂድና ንገራቸው» አልኩት።

«በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ዘሃራ?» አለ።

ዛሬ ነገ ሲል የእሳቸው ዓይን በሞራ ተጋረደ፤ እሱም፣ አላህ ይቅር ይበለው፣ በዚያ ተጠለለ። በበራችን ባለፉ ቁጥር ስለ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «የአባቴ ቤት ደህና ነው?» ይላሉ። «ደህና ነው፣ እማማ» ይላል። እኔ አጎንብሼ ስኳር እመዝናለሁ፤ ልቤ ግን ይቃጠላል። ጉድና ጅራት ከበስተኋላ ነው ብዬው ነበር።

ዘንድሮ ጎግ ያሉት እህታቸው ሞቱ። እማማ አጅዋንግ ከለቅሶ እንደተመለሱ በዱላ መንገድ እየፈለጉ መጥተው ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ። «ያን ቤት የምናውቅ እኔና እሷ ነበርን። አሁን እኔ ብቻ። አምጣው፣ በእጄ ልየው» አሉ። ሸሪፍ ወደ መደርደሪያው ዞረ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሾፌር ከአዲስ አበባ ያመጣለትን የእንጨት ጎጆ አንሥቶ ጭናቸው ላይ አኖረ! ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

እማማ ክዳኑን ዳበሱ፣ በሩን ዳበሱ። «ጥሩ ቤት ነው» አሉ። «የማን ነው?»

ሸሪፍ አለቀሰ። ሁሉንም ነገራቸው፤ ዳቦ ቤቱን፣ ምድጃውን፣ «ደህና ነው» ሲል የኖረውን ውሸት። ይሰድቡታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«መቼ ነው?» አሉት።

«ሁለት ክረምት አለፈው።»

«ያኔ ብትነግረኝ ሌላ እሠራልህ ነበር» አሉ። «ዓይን አልፈልግም፤ ቤቱን እጄ ያውቃል። አሁን ግን እጄን እየው።»

ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። ይንቀጠቀጡ ነበር።