የልጄን ድምፅ የሚይዝ ቴፕ ፍለጋ፣ ከቦምቤ ሶዶ

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች «ያየሽውን ጻፊልን» ብለው ስለያዙኝ ነው የምጽፈው። ፊደል የለየሁት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነውና ያጠፋሁትን እያረማችሁ አንብቡ።

ከቦምቤ የወጣሁት ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። ለባለቤቴ ለባሳ የነገርኩት የወንድሜን ልጅ አልማዝን ልጠይቅ ሶዶ እሄዳለሁ ብዬ ነው። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም። የበኩር ልጃችን ማርቆስ ከአዲስ አበባ ከሚመጡ ሙዚቀኞች ጋር ማክሰኞ ሶዶ ሊዘፍን ነው። ባሳ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ልጁ መዝሙር ትቶ ዘፈን ከያዘ ወዲህ፣ ይኸው ሁለት ዓመት፣ ስሙ ቤታችን ውስጥ እንዳይነሳ ብሏል። እኔ ድምፁን በቴፕ ይዤ ብመለስና አባቱ አንዴ ቢሰማው ይራራ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ይብስበት ይሆናል አልኩ። እንዲሁ እያወጣሁ እያወረድኩ ነው የሄድኩት።

ሰኞ፣ መንገድ

እስከ አረካ በእግሬ ነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ፤ የያዝኩትን ቅቤ ግን አልጣልኩም። ወንዙ ዳር ተቀምጬ ቅቅል ጎዳሬ በዳጣ በላሁ። ዳጣው አቃጥሎኝ ይሁን ልቤ ፈርቶ፣ እንባዬ ወረደ።

ከአረካ ዝንጅብል የጫነ መኪና በሃምሳ ሳንቲም ወሰደኝ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጬ። አጠገቤ የነበረች ነጋዴ ሴት ስታየኝ ቆይታ፣ «ይሄን ያህል የምታቅፊው ቅቤ ነው ወይስ አራስ ልጅ?» አለችኝ።

«ቅቤ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው በፍርሃትሽ ሙቀት ሳይቀልጥ ሽጪው።» መኪናው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን መፍራቴን በምን አወቀችብኝ? የዳሞታ ተራራ ከፊታችን እስኪገለጥ ድረስ ይህንን ሳስብ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ

ቅቤውን ሸጬ፣ በዓመት በዓመት ካጠራቀምኩት ጋር አድርጌ፣ ከአልማዝ ጋር ቴፕ ወደሚሸጠው ወደ አቶ ደምሴ ሱቅ ሄድን። አልማዝ አስተማሪ ናት። ሙዚቀኞቹ ሸክላ ሳያስቀርጹ ሰው እንዳይቀዳባቸው በር ላይ እንደሚፈትሹ የነገረችኝ እሷ ናት። ይህ ስርቆት አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«የወለድሽውን ድምፅ ነው የምትወስጂው አክስቴ» አለችኝ። ልክ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አቶ ደምሴ ሦስት ቴፖች ደረደረልኝ። የመጀመሪያው እንደ ሻንጣ ነው፤ ሁለት መንኮራኩር አለው። የሰውን ድምፅ ሲመልሰው ሰውየው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። ግን ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፣ ሸክሙም የአህያ ነው። ሁለተኛው በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ በጠፍር ይንጠለጠላል። ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ ስሞክረው እንደ ንብ እምም ይላል፤ እንዲህ እያለ ይዤው እንዴት በር አልፋለሁ? ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ ክሩ በካሴት ተዘግቷል፣ ድምፅ የሚቀበለው በቀጭን ገመድ የታሰረ ነገር ነው። አልማዝ ደጅ ቆማ መዝሙረ ዳዊት አነበበችና ሰማነው። ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

«እናቴ፣ የዚህ ጠባዩ ሌላ ነው» አለኝ አቶ ደምሴ። «የቀረበውን አብልጦ ይሰማል። የራቀውን ያሳንሳል።»

እኔ ይህን ነገር ልብ አላልኩትም። ያየሁት መጠኑን ብቻ ነው። ልክ መጽሐፍ ቅዱሴን ያህላል። የእኛ ሴቶች መጽሐፋቸውን በጨርቅ ከረጢት ይዘው ነው የትም የሚሄዱት፤ ማንም ምን ይዘሻል አይልም። ሦስተኛውን መረጥኩ።

ማክሰኞ፣ አዳራሹ

መጽሐፌን አልማዝ ቤት ትቼ ቴፑን በከረጢቱ ከተትኩ። ቀዩን ቁልፍ ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ላይ መጫን ነው፤ አልማዝ አሥር ጊዜ አሳይታኛለች፣ አሥር ጊዜ ጠፍቶብኛል።

ሙዚቃው በአሥር ሰዓት ነበር። በረኛው ከረጢቱን አይቶ ሳቀ። «እትዬ፣ ለዘፈን መጽሐፍ ቅዱስ? ልትገሥጪን ነው የመጣሽው?»

«የሚዘፍነው ልጄ ነው» አልኩት፤ ይህ ብቻ እውነት ስለሆነ። ፊቱ ተለወጠና እጄን ይዞ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

ማርቆስ ሲወጣ አላወቅሁትም። ከስቷል፣ ከረባት አስሯል። ቁልፎቹን ጫንኩና ከረጢቱን ደረቴ ላይ አቀፍኩ። ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ዘፈኑ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ሲያልቅ ደጅ አገኘኝና ጉልበቴን ሳመ። ስለ ቴፑ አልነገርኩትም። «ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት መኪናችን አረካ ይቆማል» አለኝ። «አባቴ ቢመጣ እወርዳለሁ። ባይመጣ፣ እማዬ፣ በዚህ መንገድ ሁለተኛ አላልፍም።»

ረቡዕ፣ ቤት

አልማዝ የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ብላ ካሴቱን ሳናዳምጠው ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ስለዚህ ይያዝ አይያዝ ሳላውቅ፣ ቴፑን በከረጢቱ መጽሐፌን በጋቢዬ ይዤ ነው ቦምቤ የደረስኩት።

እራት ሊቀርብ ሲል ባሳ እንደ ልማዱ ሊያነብ ከረጢቱን ሳበ። ቴፑን አውጥቶ አየው። «ይህ ምንድን ነው?»

«የማርቆስ ድምፅ ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተጠራ ስም ነው። ባሳ ባርኔጣውን አድርጎ ወደ በሩ ሄደ። እኔም ቁልፉን ጫንኩ።

የወጣው የማርቆስ ድምፅ አልነበረም። የእኔ ነው። በወላይትኛ እየጸለይኩ። ለካ አዳራሹ ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያናችን እንደምንጸልየው፣ ድምፄን አውጥቼ ኖሯል። «ጌታ ሆይ እንዳይይዙኝ። ጌታ ሆይ ልጄ ጉሮሮው እንዳይዘጋ። ባሳም ይወደዋል፣ አንተ ታውቃለህ፤ ሌሊት የሚያለቅሰው የተኛሁ መስሎት ነው።» ልጄ ከኋላዬ፣ ከሩቅ፣ ይዘፍናል።

በእኛ ዘንድ ጸሎት ከተጀመረ አሜን ሳይባል ማንም አይንቀሳቀስም። ባሳ በሩን እንደያዘ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ። ማጥፋት ፈልጌ ነበር፤ ጸሎት ይቋረጣል ወይ? እኔ ስጸልይ ልጁ ሲዘፍን፣ ትንፋሽ ስወስድ የእሱ ድምፅ ጎልቶ ሲመጣ፣ እንዲሁ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመ። መጨረሻ ላይ እኔ አሜን ስል ጭብጨባ መጣ።

«አሜን» አለ ባሳ።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት አረካ፣ ካልመጣህ አይወርድም አልኩት። ተመልሶ ተቀመጠ፤ እራቱን ግን አልነካም።

እናንተም ቴፕ የምትገዙ ከሆነ አቶ ደምሴ ያለኝን ልብ በሉ፤ ትንሹ የሚሰማው የቀረበውን ነው። ጥሩ መርጬ እንደሆነ ተሳስቼ፣ ወይም ዘፈን በጸሎት መሸፈን ኃጢአት እንደሆነ፣ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ባሳ ጫማውን አጥልቆ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። «ከረጢቱን ያዢ» አለኝ። መጽሐፉን ይሁን ቴፑን አልጠየቅሁትም። ሁለቱንም ከትቼ ተከተልኩት።