መቀስ ሲሉት ቀሚስ

ልብስ ሰፊው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በነገር የማይረታ ሰው ነበር። የሚከራከረውን ደንበኛ በአንድ ቀልድ አስቆ ይሸኘዋል። ሚስቱ ከጎኑ ቁልፍ እየተከለች፣ ጠርዝ እየዘመዘመች «ይሄ አፍህ አንድ ቀን ያስደበድብሃል» ትለው ነበር። አላስደበደበውም። አንድ ጠዋት የሰው ወገብ እየለካ ሳለ ስትሮክ ጣለው፤ ከሆስፒታል ሲወጣ እጁም እግሩም ደህና፣ አፉ ግን የሌላ ሰው ሆነ።

እንደገና ሥራ በጀመረበት ዕለት እጁን ወደ ሚስቱ ዘርግቶ «ቀሚስ» አላት።

አንዷን የደንበኛ ቀሚስ አውርዳ ሰጠችው። ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አመጣች። «ቀሚስ!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። ስድስተኛው ላይ ያልተቆረጠውን ጨርቅ አንስቶ ሲያሳያት ገባት፤ ደሟም ፈላ።

«መቀስ ነው የምትፈልገው? ታዲያ መቀስ አትልም እንዴ!»

ይህን ሲሰማ ጭራሽ ግራ ገብቶት ወደተሰቀሉት ቀሚሶች ዞረ።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ታላቅ እህቱ በመጣች ቁጥር ጆሮው ሥር ትጮኻለች። ሚስት «እትዬ፣ ደንቆሮ አይደለም እኮ!» ስትላት፣ «ታዲያ ለምን አይሰማም?» ትላለች። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «አእምሮው ተነክቷል» ማለት ጀመረ። ሚስት ራሷ አንዳንዴ ሆን ብሎ የሚያበሽቃት ይመስላትና ጥላው ትወጣለች።

በመጨረሻ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ዘንድ ወሰደችው። ባለሙያዋ አራት ሥዕሎች ደረደረችለት፤ መቀስ፣ ቀሚስ፣ መርፌ፣ ወንበር።

«መቀስ የቱ ነው?»

ጣቱን ቀሚሱ ላይ አሳረፈ። ሚስት ዓይኗን ጨፈነች። ባለሙያዋ ግን ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችው። ወዲያው መቀሱን ነካ፤ በሁለት ጣቱም አየሩን ቆረጠ።

«አዩ? ትርጉሙ አልጠፋበትም» አለች ባለሙያዋ። «የተጎዳው ድምፅ የሚለይበት የአንጎሉ ክፍል ነው። ሲሰማም ሲናገርም ድምፆቹ ቦታ ይለዋወጡበታል።»

«እና ሦስት ወር ሙሉ የጮኽነው በከንቱ ነዋ!»

«ጩኸት አይጠቅመውም። ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ካልገባው ይጻፉለት። መለማመጃ እሰጣችኋለሁ፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።»

«ስንት ጊዜ?»

ባለሙያዋ ትከሻዋን ሰበቀች። ሚስት ልትፈነዳ ደረሰች።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ። ሚስት ትምህርት ያቋረጠችው ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ከጽሑፍ ጋር አይዋደዱም። የደንበኛ ሸሚዝ ፊቱ አስቀምጣ፣ ላቧ ጠብ እስኪል ታግላ «ኮለታ ቀይር» ብላ ጻፈች። ባሏ አነበበው፤ ጠመኔውን ከእጇ ወሰደና «ለ»ን አጥፍቶ «ሌ» አደረገው።

«አንተ ሰውዬ! ምላስህ ቢታሰር ነገረኛነትህ አይታሰርም?»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። የወጣው ትርጉም የሌለው ቃል ነበር። ፊቱ ጠቆረ፤ ጠመኔውን ወርውሮ ጀርባውን ሰጣት። እሷም ተራዋን ጀርባዋን ሰጠችው።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዞር ብላ አየችው። አዲሱ ኮሌታ ሸሚዙ ላይ ተሰፍቶ አልቋል፤ ስፌቱ እንደ ድሮው እንከን የለውም። «ኤዲያ!» አለች፤ ጠመኔውን ከወለሉ አንስታም ቀጣዩን ሥራ ልትጽፍለት ወደ ሰሌዳው ሄደች።