አሥራ ሁለተኛዋ ብልቃጥ

ሀብቱ ቆሰበር ውስጥ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው። ሲሠራ የሚውለው ከሰው ሰገራ ጋር ቢሆንም ከከተማው ሁሉ የጠዳ ሸሚዝ የእሱ ነው። ብልቃጥ ላይ የሚጽፈው ስም ቁም ጸሐፊ የጻፈው ይመስላል። እኔ የማውቅበት ጉድለት አንድ ነው፤ አፉ አያርፍም።

በ2008 ዓ.ም. የጥር ሚካኤል ማኅበር ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በወይዘሮ የሻረግ ቤት ተበላ፣ ተጠጣ። በሦስተኛው ቀን አሥር ማኅበርተኛ በተቅማጥና በትኩሳት ወደቀ። ሀብቱ ከአሥሩም፣ ከደጋሿ ከየሻረግም የሰገራ ናሙና ወሰደ። ጠላው እስከ አተላው ተጠጥቶ አልቋል፤ የተረፈው የገዛ እናቱ ወይዘሮ እንቁ ያመጡት አይብ ብቻ ነው። የእናቱ አይብ ደግሞ ማን ሆኖ ሊጠረጠር! ለቁጥር ማሟያ ጨለፈና «አሥራ ሁለት» ብሎ ጻፈበት።

የሰገራው ውጤት ቀድሞ ከባሕር ዳር ደረሰ፤ በሽተኞቹ ሁሉ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘባቸው። ምንም ያላመማቸው የሻረግም ተገኘባቸው። ሀብቱ ይህን ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለእናቱ ነገረ። ለእንቁ መንገር ገበያ ላይ ማስለፈፍ ነው። በሳምንቱ የየሻረግን ጠላ የሚቀምስ ጠፋ፤ ማኅበርተኛውም ከጽዋው አስወጣቸው።

ናሙናዎቹ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባም ተልከው ነበርና ከሁለት ወር በኋላ የዚያው ምርመራ ውጤት መጣ። እዚያ የባክቴሪያውን ስም ብቻ ሳይሆን ዘሩንም ይቆጥራሉ፤ በስም አንድ የሆነ ባክቴሪያ በዘሩ አሻራ ባዳና ዘመድ ሆኖ ይለያል። የአሥሩ በሽተኞች አንድ ዘር ነው። የየሻረግ ባዳ ነው። የአይቡ ግን ቁርጥ የአሥሩ ነው።

ወረቀቱን ከሀብቱ በቀር ያየ የለም። እናቱን ይወዳል፣ ከልቡ። ግን የሻረግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻቸውን ቆመው አይቷቸዋል።

«እማ፣ በሽታው ከአይብሽ ነው» አለ።

እንቁ ደጅ ወጡ። ድንጋይ አነሡና ማጅራታቸው ላይ ጫኑ። «ይቅርታ በባዶ ትከሻ አይጠየቅም። ያሳመመው አይቤ፣ ያዋረዳት ምላሴ!»

«ምላሱስ የኔም ነው» ብሎ እሱም ሌላ ድንጋይ ተሸከመ።

የሻረግ ሁለቱ ድንጋይ ተሸክመው በራቸው ላይ እንዳጎነበሱ ሲያዩ ዕንባቸው መጣ። የእንቁን ድንጋይ በእጃቸው አወረዱ። ሀብቱ «እትዬ የሻረግ፣ ውጤቱ...» ብሎ ሲጀምር አቋረጡት።

«እኔ ጓዳዬን አውቃለሁ። ማኅበርተኛው ፊት አንብበው፤ ያንተን ድንጋይ ያን ጊዜ ታወርዳለህ።»

ሀብቱ ድንጋዩን እንደተሸከመ ማኅበርተኛው ወደተሰበሰበበት ሄደ። ወረቀቱን እስከ ታች አነበበ፤ አሥራ ሁለተኛዋ ብልቃጥ ላይ ደርሶ የእናቱን ስም ሲጠራም ድምፁን ዝቅ አላደረገም።