ነጠላዬን አዘቅዝቄ በአራዳ

ጎንደሬ መንገድ ላይ ወዳጁን ሲያገኝ አይቸኩልም። ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል፤ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ይጠይቃል፤ አበቃ ሲሉት «እንዴት ነህ ታዲያ?» ብሎ እንደገና ይጀምራል። በደርግ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ በራሪ ወረቀት ተገኘበት ተብሎ ሲታሰር ግን ሰላምታው ለእኛ ቤት ሰው አጠረ። ከእስረኛ ዘመድ ጋር ቆሞ መታየት ያስጠይቅ ነበር። ከእኛ ቤት እሳት ስትጭር የኖረች ጎረቤት አራዳ ገበያ ላይ ስታየኝ፣ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለው ጨርቅ በድንገት ያምራታል። መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚውል ሰው ሰዓቱን አይቶ ይደነግጣል፤ እጁ ላይ ሰዓት ባይኖርም።

እኔም የዋዛ አልነበርኩም። ወዳጅ ሸሻት ከምባል እኔ ልሽሽ ብዬ፣ የማውቀው ሰው ከሩቅ ሲመጣ ካየሁ ቀድሜ መንገድ እሻገራለሁ፤ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ጫማዬን እያንኳኳሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ኩራትሽ አንድ ቀን መኪና ሥር ይከትሻል» ትለኛለች። ትበል እንጂ ደስ ይላት እንደነበር አውቃለሁ። ኩራቱን ከማን ተማርኩትና!

ከአንዲት ሰው ግን መሸሽ አቃተኝ። ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ እኛ ግቢ ተከራይታ የተማረች፣ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የማትለይ ጓደኛዬ ነበረች። ወንድሜን ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። አሁን ካኪ ለብሳ የሴቶች ማኅበር ኃላፊ ሆናለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሳንቆም «ደህና ነሽ?» «ደህና፣ አንቺስ?» ተባብለን እንተላለፋለን። መልሷን የምሰማው ጀርባዬን ከሰጠኋት በኋላ ነው። የሌሎቹ ሽሽት ያናድደኝ ነበር፤ የእሷ «ደህና ነሽ» ግን አንጀቴን ያቃጥለዋል።

አንድ ጠዋት ለወንድሜ ስንቅ ይዤ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ፈታሿ ነጠላዬን አስወልቃ አራገፈችውና መልሳ ወረወረችልኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ይከነክነኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት። ወንድሜ የቆሸሸ ልብሱን እንድናጥብለት ጠቅልሎ ልኮልናል። ልብሱ ከቆሸሸ ለባሹ አለ ማለት ነው። ነጠላዬን እንደመጣልኝ ጣል አድርጌ፣ ጥቅሉን ታቅፌ፣ ለእናቴ ለማብሰር እየበረርኩ ተመለስኩ።

አራዳ ስደርስ ጓደኛዬ ከሁለት ካኪ ለባሾች ጋር ፊት ለፊቴ መጣች። ለዚያች አጭር ሰላምታ ፊቴን አዘጋጀሁ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ጃንጥላዋ ከእጇ ወደቀ።

«ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ያ ሸጋ ልጅ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

የእነሱ ሰው ናት፤ እኛ ያልሰማነውን ሰምታለች፤ ለካ ልብሱን የመለሱልን ለዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። «ማን ነገረሽ? መቼ ገደሉት?» አልኳት።

«ምነው፣ ማን ይነግረኛል! ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ ልብሱን ታቅፈሽ እያየሁሽ!»

ጎንበስ ብዬ ራሴን አየሁ። ወደ ታች መውረድ የነበረበት ጥለት አንገቴን ዞሮታል። ሐዘንተኛ የምትለብሰው እንዲያ ነው።

«ኧረ እጠቡልኝ ብሎ የላከው ራሱ ነው! አለ! አልሞተም!» አልኳት። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ።

መንገደኛው ቆሞ ያያል። መንግሥት ለገደለው ሰው ቤት ዘግቶ ማልቀስ እንኳ በሚያስፈራበት ጊዜ፣ እሷ ካኪዋን እንደለበሰች አራዳ መሃል ጮሃ አልቅሳለች። ካኪ ለባሾቹ ተያዩ፤ አንደኛው ቀረብ ብሎ «ጓድ፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አላት። ተሳስቼ ነው ብላ፣ ጃንጥላዋን አንስታ መሄድ ትችል ነበር። እኔም እንድትሄድ ፈለግሁ። በእኔ ምክንያት እንጀራዋን፣ ከዚያም አልፎ ነፍሷን እንዳታጣ ፈራሁላት። ክንዷን ገፋ አድርጌ «ሂጂ በቃ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ለቅሶ ደርሼ ነው፣ ጓድ» አለችው እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እግዜር ይመስገን፣ ለቅሶው ቀረ።»

ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችው። ነጠላዬን ከላዬ አንስታ አስተካክላ አለበሰችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ደገመች፤ ሠለሰች። «እንዴት ነሽ? እትዬስ እንዴት ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው?» እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እኔም አንድ በአንድ መለስኩ። ካኪ ለባሾቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ለዚያች ሰላምታ ስብሰባ ላይ አቁመው እንደገመገሟት፣ ከኃላፊነቷ አንስተው ትክል ድንጋይ የምትባል የገጠር ከተማ አስተማሪ አድርገው እንደመደቧት በኋላ ከሰው ሰማሁ፤ እሷ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። እንዲህ ያለች ጓደኛ ስለነበረችኝ ዛሬም እኮራለሁ።

መጨረሻ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ወንድማችንስ? እሱስ እንዴት ሰነበተ?» አለችኝ።

ከታሰረ ጀምሮ መንገድ ላይ ስለ እሱ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጥቅሉን ደረቴ ላይ አጥብቄ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሁሉ እንዲሰማኝ አድርጌ፣ «ወንድሜ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ።