በሽተኛ ፍለጋ ኡጋንዳ ድረስ

«አምቦ በሽተኛ ጠፍቶ ነው ኡጋንዳ ድረስ የምትሄጂው?» አለችኝ እናቴ። ነርሲንግ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ትምህርት ክፍላችን ውጭ አገር ሄደው ለአንድ መንፈቅ እያገለገሉ የሚማሩ ጥቂት ተማሪዎች እንደሚመርጥ ሰምቼ ተመዝግቤያለሁ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ከእናቴ ባሰ፤ ገሚሱ «እዚያው ልትቀሪ ነው»፣ ገሚሱ «ባል ይዘሽ ነው የምትመጪው» ይለኛል። ምክንያቴ ግን አባቴ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም።

አባቴ ከስልጤ በወጣትነቱ መጥቶ አምቦን አገሩ ያደረገ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ድምፁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ምግብ አልረጋልህ ሲለው «ጨጓራ ነው» አለ፤ እኛም ጨጓራ ነው አልን። እዚህ አገር ጨጓራ የማያመው ማን አለ? እየከሳ ሲሄድ ግን እኔና አጎቴ አዲስ አበባ ወሰድነው። ሐኪሙ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ በሽተኛውን ደጅ አስቀምጦ አጎቴን ብቻውን አስገብቶ አነጋገረው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ጊንጪ ቆመ። አጎቴ ውኃ እንግዛ ብሎ ይዞኝ ወረደና ድንች ከሚሸጡት ሴቶች ጀርባ ወስዶ ነገረኝ። ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል፤ የሚደረግ ነገር የለም። «እንዳትነግሪው» አለኝ። «ሰው ተስፋው ከተቆረጠ ቀኑ ሳይደርስ ይሞታል።» ተመልሼ ስቀመጥ አባቴ ዓይኔ መቅላቱን አየና «ምን ሆንሽ?» አለኝ። አቧራ ገብቶብኝ ነው አልኩት። «የጊንጪ አቧራ ክፉ ነው» አለና መሐረቡን ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የውሸት ቤት ሆነ። እናቴ ለመጪው ዒድ የሚለብሰውን ታሰፋለታለች። አጎቴ ሱቁን ስለማስፋት ያማክረዋል። እሱም «ኢንሻአላህ» ይላል፣ «ዛሬስ ቀለል ብሎኛል» ይላል። ነርስ ልሆን የምማረው እኔ የሕመም ማስታገሻውን «የጨጓራ ነው» እያልኩ አስውጠዋለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

የሰደቃው ዕለት ከሱቃችን ጎን ልብስ የሚሰፉት ጎረቤታችን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ኦቦ ነው የምንላቸው፤ ከአባቴ ጋር በአንድ በረንዳ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «አባትሽ እኮ ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«በሽታውን ነዋ! ያን ቀን ጊንጪ ላይ ፊትሽን አይቶ ነው ያወቀው። አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ‹ለእኔ ብለው ተጨንቀው ደበቁ፤ አውቄያለሁ ብዬ ድካማቸውን ከንቱ አላደርግም› አለኝ። ማልቀስ ሲያምረው እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ቤት ግን ደባቂ ያልነበረ ሰው የለም። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ በሐኪሙ፣ በአጎቴ፣ ከሁሉም በላይ በአባቴ። ልጆቹ ዙሪያውን ተኮልኩለን እያለን ለቅሶውን ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ጨረሰው። ይህን ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ።

መራጮቹ መምህራን ለምን መሄድ እንደፈለግሁ ሲጠይቁኝ፣ ልምድ ለመቅሰም ምናምን የሚለውን ተውኩትና «የማይድን ሰው እውነቱ ሲነገረው ማየት እፈልጋለሁ» አልኩ። አንዱ መምህር ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ለእኛ ባህል አይሆንም» አለኝ።

«ባህላችንማ አባቴን ቤት ሙሉ ሰው መሀል ብቻውን ገደለው» አልኩት።

በዚህ ምላሴ አይወስዱኝም ብዬ ወጣሁ። ወሰዱኝ።

ኡጋንዳ የተመደብኩበት ቡድን የማይድኑ ሰዎችን በየቤታቸው እየሄደ ያስታምማል። አንድ ቀን አብሬያት የምዞረው ነርስ ሙዝ እርሻ መሀል ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወሰደችኝ። የምርመራቸው ውጤት ደርሷል። አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ስለ ሕመማቸው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ሁሉንም አሏት፤ ልጃቸውም እንዲጠራ አዘዙ። ነገረቻቸው። አባትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ላሟ ለማን እንደምትሆን ተከራከሩ፤ የት እንደሚቀበሩ ተነጋገሩ፤ መሀል ላይ ሽማግሌው አንድ ነገር ጣል አደረጉና ሁለቱም ሳቁ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ቢሆንም ቀናሁባቸው። ለእኛም እንዲህ ያለ አንድ ከሰዓት ይገባን ነበር።

ማልቀሴን ያወቅሁት ሽማግሌው ትኩር ብለው ሲያዩኝ ነው። ነርሷን አስተርጓሚ አድርገው ማን እንደሞተብኝ ጠየቁኝ።

«አባቴ» አልኩ።

«በመጨረሻ ምን አልሽው?»

«አጥሚቱን ላሙቅልህ ወይ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«‹ተይው ልጄ፣ እንዳትደክሚ› አለኝ።»