አራት ጣት ሰደፍ

ጠመንጃ የተመኘሁት እንቅልፍ ስላጣሁ ነው። ኋላ ላይ ሌላ ሌላ ምክንያት የሰጡኝ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ደፋር ናት አለ፣ አንዱ ባሏ ቢሄድ ሱሪ ታጠቀች አለ። ደፋርም አልነበርኩ፣ ሱሪም አልነበረኝ። ደክሞኝ ነበር።

ከድርቁ በኋላ ገብሱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ገብስ የቆመበት ዓመት ነው። ማሳችን ከአሸተን ማርያም በታች ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ገደሉ ደግሞ የጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቃቸው ተራ በተራ ከገደሉ ይወጡና፣ የዘሩት ይመስል ማሳው መሃል ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው እሸት ያሻሉ። እነሱ ሲገቡ ጃርቱ ለባቄላው ይወጣል። ጃርቱ ሲጠግብ ጅቡ በጎቹን ሊያይ ይመጣል። ባለቤቴ በነበረ ጊዜ ቀኑን እኔ፣ ሌሊቱን እሱ እንጠብቅ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ብለው ወደ ሰሜን ከወሰዱት ወዲህ ግን ቀኑም ሌሊቱም የኔ ሆነ። በወንጭፍ ድንጋይ እየወረወርኩ ክንዴ ዝሎ፣ ማማው ላይ ቆሜ የማንቀላፋበት ቀን ብዙ ነበር። ጭላዳዎቹም አወቁኝ። ድንጋዩ ሲመጣ ትንሽ ዘወር ይሉና ይመለሳሉ፤ እንደ ሰው የሚንቁ ፍጥረቶች ናቸው።

ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና የባለቤቴ አባት ነን። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ሚስታቸው በድርቁ ሞታለች፤ ልጃቸው አንድ ነው፣ እሱም የለም። እኔ ገና አልወለድኩም ነበር። ባልና ልጅ የሌላት ሴት በአማቷ ቤት እንግዳ ናት፤ ማንም አልነገረኝም፣ ግን ማንም እስኪነግረኝ አልጠብቅም ነበር። ስለዚህ እሱ እስኪመለስ ድረስ ቤቱን ማቆየት የኔ ሥራ ነው ብዬ ያዝኩት። ገብሱ ከተበላ የሚመለስበት ቤት አይኖርም።

አንድ ማታ፣ «አባባ፣ ጠመንጃ እንግዛ» አልኳቸው።

ራታቸውን እየበሉ ነበር። እጃቸውን ከገበታው አነሱና አዩኝ። «በምን?»

«በወይፈኑ።»

ወይፈኑ ከድርቁ የተረፈን ነው። አድጎ ካንዱ በሬያችን ጋር ይጠመዳል፣ ከጎረቤት በሬ ከመለመን እንገላገላለን ብለን ነበር። እሳቸው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ «አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም ልጄ» አሉኝ። ረጋ ብለው መናገራቸው ግን እሺ ማለት እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ እምቢ ቢሉ ኖሮ ይጮሁ ነበር።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለሰብል ጥበቃ አንድ መሣሪያ ፈቀደልን። አንድ ቤት፣ አንድ መሣሪያ። ያኔ ነው ጭንቁ የመጣው፤ አንድ ብቻ ሲባል ሰው የኑሮውን ጣጣ ሁሉ አንድ ብረት ላይ ይጭናል። አባባ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠው የሚሠራውን ሥራ ይዘረዝሩለት ጀመር። ጭላዳ ያባርር። ጅብ ይመልስ። የእህታቸው ልጅ ስትዳር ሠርጓ ላይ ይተኮስበት። እሳቸው ሲሞቱ ይጩህላቸው። «ከሁሉ በላይ ደግሞ» ይላሉ፣ «ልጄ ሲመጣ የሚያነግተው ይሁን። ባዶ ትከሻውን ቤተክርስቲያን አይሳምብኝ።»

መጀመሪያ ያየነው የአንድ ጎረቤታችንን ምንሽር ነው። አባባ ሲይዙት ፊታቸው ተቀየረ፤ ወጣትነታቸው የተመለሰ መሰለኝ፣ አሳዘኑኝም። እኔ ግን ጥይቱን ጠየቅኩ። ጥይቱ ከመሐረብ ተፈትቶ ሲቆጠር፣ በአንድ ሳምንት ጭላዳ የሚያልቅ ነው። ሌላ ከየት ይመጣል ብል ሰውየው ትከሻውን ሰበቀ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ደግሞስ ያ ዘመን ቀን አንድ መንግሥት፣ ሌሊት ሌላ መንግሥት የሚመጣበት ነበር። ምንሽር ያለበትን ቤት ቀን የመጣው ለሚሊሺያ ይጠራዋል፣ ሌሊት የመጣው ለራሱ ይጠራዋል።

«አባባ፣ ይሄ ጠመንጃ ልጅዎ ሳይመጣ እርስዎን ይዞብኝ ይሄዳል» አልኳቸው።

«የሴት ነገር» ብለው ተቆጡ። ሳንገዛው ግን ተመለስን።

ከዚያ አንድ ውጅግራ አየን። የአያቶቻችን ዘመን ነው፤ ዋጋው ከወይፈኑ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ቃታው የሚዘጋው በጠፍር ታስሮ ነው። አባባ ራሳቸው «የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ እኛ ግን እስከዚህ አልደረስን» ብለው ሳቁ። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሙጃ ገበያ የሄድነው ወይፈኑን እየነዳን ነው። ከቆላ ጨውና ጨርቅ የሚያመጣ፣ አባባ ከድሮ የሚያውቁት አንድ እስላም ነጋዴ ነበር፤ ሊቀመንበሩን የሚያውቅ፣ መሣሪያ መሸጥ የተፈቀደለት ሰው። ከጨርቁ ጀርባ ወስዶ ያሳየን ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው። መሬቱ ሲወረስ ከተበተነ ከአንድ ባላባት ቤት የወጣ። ወፍራም፣ ከባድ፣ እንጨቱ እንደ ወይራ ዱላ በእጅ ብዛት የለሰለሰ።

አባባ በእጃቸው አልነኩትም። «ይሄ የወፍ ነው» አሉ።

ነጋዴው አልተቀየመም። «ወላሂ፣ እውነት ብለዋል የኔ አባት፣ ለሩቅ አይሆንም። ከማሳዎ ጥግ እስከ ማሳዎ ጥግ ግን ይሄን የሚያህል የለም። ባንዱ ፍንጣሪውን፣ ደቃቁን እርሳስ ያጎርሱታል፣ ለዝንጀሮው። ባንዱ ወፍራም እርሳስ፣ ለጅቡ። የተተኮሰውን ቀለህ አይጣሉ፤ ባሩድ ከተገኘ ቀጥቃጭ መልሶ ይሞላዋል። ለጦርነት ደግሞ ማንም አይፈልገውም። አላህ ለድሃ ያስቀረው መሣሪያ ነው።»

ለጦርነት ማንም አይፈልገውም ሲል ልቤ ወሰነ። አባባ ግን መሬት መሬት ያያሉ። ነጋዴው ጠመንጃውን ለኔ አቀበለኝ፤ ሊገዛ የመጣውንና የምትተኩሰውን ለይቶ አውቋል። ትከሻዬ ላይ ሳደርገው እጄ ምላጩ ጋ ለመድረስ ተንጠራራ፣ አንገቴም ተጣመመ።

«ሰደፉ ረዘመባት» አለ። «የረጅም ሰው ነበር። ከዚህ አራት ጣት ቢቆረጥለት ልኳ ይሆናል፤ አለዚያ ትከሻዋን ይሰብራታል። መጋዝ አለኝ፣ አሁን እንቁረጠው።»

አባባ ያኔ ነው ብድግ ብለው ጠመንጃውን የያዙት። ሰደፉን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«አይቆረጥም» አሉ። «የወፍም ይሁን፣ እሺ እገዛለሁ። ሰደፉ ግን አይነካም። ባለቤቱ ረጅም ነው። ሲመጣ ቆራጣ ሊያነግት ነው?»

እውነታቸውን ነው፤ ባለቤቴ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር። እኔም አልተከራከርኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ሰደፉ ረጅም እስከሆነ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ ማለት ነው። ወይፈኑን አስረክበን ጠመንጃውን ይዘን ወጣን። በመንገዱ ሙሉ እሳቸው አነገቱት፤ ሰው ሲያጋጥመን ግን ጋቢያቸውን ያወርዱበት ነበር።

መጀመሪያ የተኮስኩ ቀን ከማማው ወደቅኩ። ጭላዳዎቹ ገደሉን ሳያዩ ዘለሉ፣ እኔም በጀርባዬ ጭቃ ላይ ተዘረጋሁ፤ ማን የበለጠ እንደደነገጠ እንጃ። ትከሻዬ አብጦ ጠቆረ። ሰው አልገደልኩ፣ አውሬም አልገደልኩ፣ ራሴን ግን በየሳምንቱ እገድላለሁ እያልኩ አሾፍ ነበር። በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጨርቅ ደርቤ ሞከርኩ፤ ጨርቁ ሲደረብ ደግሞ ሰደፉ ይብስ ይረዝማል። አባባ ቅቤ ያሞቁልኝና አጠገቤ ያስቀምጡልኛል። ስለ መቁረጥ አንዳችንም አናነሳም። ብናገር መጥፎ ሟርት ይመስለኛል። ቁስሉ ሊሽር ሲል ጭላዳው ይመጣል። እተኩሳለሁ። አዲስ ይቆስላል። በዚያ ላይ ድካሙ አልቀነሰም፤ ወንጭፉ ክንዴን ነበር የሚያደክመኝ፣ ጠመንጃው መላ አካሌን። ገብሱ ግን ቢጫ እየሆነ ነው። አንዳንድ ቀን አመም ሲያደርገኝ ባለቤቴን እረግመዋለሁ፤ ቁመትህ ገደለኝ እለዋለሁ፣ ማማው ላይ ብቻዬን።

አጨዳው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ አባባ ወደ ላሊበላ ገበያ ወረዱ። ሁልጊዜ ከገበያ የሚመለሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ወሬ ይዘው፣ ትንሽ ጠላ ቀምሰው ነው። ያን ቀን ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ሳለች ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። ወደ ቤት አልታጠፉም፤ ቀጥ ብለው ወደ ማሳው መጡ። እጃቸው ላይ ጨውም በርበሬም የለም። መጋዝ ይዘዋል።

«ደህና ዋሉ አባባ» አልኳቸው።

«ደህና» አሉ። «ጠመንጃውን አውርጅው።»

አወረድኩላቸው። ማማው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ጥይቱን አወጡ፣ ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ መዳፋቸውን ሰደፉ ጫፍ ላይ አኖሩና አራት ጣት ለኩ። ደግመው ለኩ። መጋዙን አስቀመጡበት።

«አባባ» አልኩ።

መጋዙ ሄደ፣ መጣ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ በቀን፣ በማሳ ላይ፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ንጋት ላይ ሰውየው ከመኝታው ሳይነሳ በሩን አንኳኩተው ነው የሚነግሩት። እስከዚያ የሰማ ሰው ሆድ ይፍጀው ይላል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ዓይኑን ያደርቃል። አባትም ቢሆን ለምራቱ ቀድሞ አያወራም። አባባ ወጉን አልጣሱም፤ አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። እንጨቱን ብቻ ቆረጡ። እኔ እላያቸው ላይ ቆሜ ብናኙ ጋቢያቸው ላይ ሲራገፍ አየሁ፤ ገባኝ። እንዳልገባኝ ሆንኩ። እሳቸውም እንደገባኝ አውቀው እንዳላወቁ ሆኑ።

የተቆረጠችውን እንጨት አንስተው ከጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ ከተቱ። የሰደፉን አፍ በድንጋይ አሻሹና ሰጡኝ። «እስኪ ልኩን እንየው።»

ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። እጄ ምላጩ ላይ ራሱ ሄደ፣ አንገቴም አልተጣመመም።

«ይደርሳል?»

«ይደርሳል አባባ።»

«እንግዲህ ያንቺ ነው» አሉ። «ቤቱም ያው ነው። የትም አትሄጂም።»

እዚያው ሳለን ጭላዳዎቹ ከገደሉ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ጥይቱን መልሼ አጎረስኩ፣ ከራሳቸው በላይ ወደ ሰማይ ተኮስኩ። ማሳው ባዶ ሆነ። ትከሻዬን እንደለመድኩት አጥብቄ ሕመሙን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ምንም አላመመኝም። ያኔ እዚያው ገብሱ ውስጥ ተቀመጥኩና አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። አባባ ፊታቸውን ወደ አሸተን አዙረው ቆሙ። ወዲያው ለመርዶው ጎረቤት ሊያስጠሩ ወረዱ።

ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ አንኳኩ። እንደ አዲስ ሰማሁ፣ እንደ አዲስ ጮኽኩ፤ ጩኸቱ ግን የውሸት አልነበረም።

አስከሬን ስለሌለ ልቅሶ ሜዳው ላይ ዕቃው ወጣ። የሠርጉ እጀ ጠባብ፣ ጋቢው፣ ዱላው። አስለቃሿ የወንድ ልጅ መሣሪያው ይያዝለታል ብላ ጠየቀች፤ ወጉ ነው፣ መሣሪያው በሰልፉ ፊት ይዞራል። አንድ ሽማግሌ «ጠመንጃ ገዝታችሁ የለም? ይምጣ እንጂ» አሉ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ።

አባባ ከጋቢያቸው እጥፋት አራት ጣቷን እንጨት አወጡ። በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጓት።

«የሱ ይችው ናት» አሉ። «የቀረው የሷ ነው፤ ቤት ነው ያለው።»

ይዘዋት ሜዳውን ዞሩ። ሴቶቹ ተከተሏቸው፣ እኔም ተከተልኩ። ሲያበቃ ወደ ቤት ስንመለስ ጭላዳዎቹ ገብሱን ሞልተውት ነበር። ከልቅሶ እንደመጣሁ፣ ነጠላዬን ሳልቀይር፣ ጠመንጃዬን አንግቼ ወጣሁ።